ቀዩ ነጠብጣብ

መጀመሪያ ያየው የግቢያችን ጥበቃ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ልጄን ትምህርት ቤት ለማድረስ ስጣደፍ «እትዬ፣ መኪናዋ ቀይ ነገር እየጣለች ነው» አለኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከፊት ጎማዎቹ መሀል ትንሽ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ፣ የሳንቲም ስፋት ያላቸው ሦስት አራት ነጠብጣቦች ሲሚንቶው ላይ አሉ። «የኤሲ ውሃ ይሆናል» ብዬው ሄድኩ። የኤሲ ውሃ ቀለም እንደሌለው ጠፍቶኝ አይደለም፤ ሰዓት ስላልነበረኝ ነው።

መኪናችን በፈረንጆች 2003 የተሠራች አውቶማቲክ ራቭ ፎር ናት። የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ የሁለታችን ሥራ፣ የቅዳሜ አስቤዛ፣ ለቅሶውም ሠርጉም በእሷ ነው። ከፋብሪካ አብሯት ያልመጣ አንድ ዕቃም አላት። እሱን ለማስረዳት ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

ያኔ ጅማ፣ አማቴ ዘንድ እየሄድን ነበር። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ከወልቂጤ በኋላ ወደ ጊቤ በረሃ ቁልቁል ይወርዳል፣ ድልድዩን ከተሻገሩ በኋላ ደግሞ ረጅም ዳገት አለ። አምስት ሰው ተጭነናል፣ ጣሪያው ላይ ሻንጣ አለ፣ ኤሲው ይሠራል፣ ሰዓቱ ቀትር ነው። ዳገቱ መሀል ላይ መኪናዋ ማርሽ ለመቀየር መዘግየት ጀመረች፤ የተቃጠለ ነገርም ሸተተን። አቆምንና አንድ ሰዓት ያህል ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ትንሹ ልጄ ገና ሆዴ ውስጥ ነበር። አዲስ አበባ እንደተመለስን ባለቤቴ ለካምቢዮው ተጨማሪ ማቀዝቀዣ አስገጠመላት። እኔ ገንዘቡን ለወሊድ ልይዘው ፈልጌ ነበር። ተከራከርን፣ አልተስማማንም፤ እሱ አስገጠመ።

ዕቃው ትንሽ ራዲያተር ነው በሉት። አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚሠራው በዘይት ነው፤ ዘይቱ የሞተሩን ጉልበት ያስተላልፋል፣ ማርሽ እንዲቀየር ግፊት ይፈጥራል፣ ውስጡን ያለሰልሳል፣ ሙቀቱንም ይዞ ይወጣል። ዘይቱ ከልክ በላይ በጋለ ቁጥር ቶሎ ያረጃል፣ ካምቢዮውም አብሮት ይጎዳል። የእኛ መኪና ከፋብሪካ ስትወጣ ዘይቷ በውሃው ራዲያተር ታችኛ ክፍል በኩል አልፎ እየቀዘቀዘ ይመለሳል። ተጨማሪው ማቀዝቀዣ ደግሞ ከፊት፣ ከፓራውልቱ ጀርባ ነፋስ የሚያገኝበት ቦታ ይታሰርና፣ ከራዲያተሩ የወጣው ዘይት ወደ ካምቢዮው ከመመለሱ በፊት አንዴ በእሱ በኩል እንዲዞር ይደረጋል። ለዳገትና ለጭነት ጥሩ ነገር ነው፤ ይህን አሁን አልክድም። ግን ሁለት አዲስ ቱቦ ይዞ ይመጣል። ሁለት ቱቦ አራት ጫፍ አለው። በመኪናዋ ላይ ዘይት ሊወጣባቸው የሚችሉ አራት አዲስ ቦታዎች ተጨመሩ ማለት ነው።

ወደ ነጠብጣቡ ልመለስ። በዚያው ቀን ማታ የዳይፐር ካርቶን ዘርግቼ ከመኪናዋ ሥር አስገባሁ፤ በየትኛው በኩል የፊት ጎማ እንደሆነም በእስኪሪብቶ ጻፍኩበት። ጠዋት ሳወጣው ቀይ ነው። ቀይ ሲሆን ደግሞ ተጠርጣሪው አንድ ብቻ አይደለም። የቶዮታ የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽም ቀይ ወይም ሮዝ ይሆናል። የእኛ ዓይነት መኪና መሪም በዘይት ነው የሚታገዘው፤ እሱም ቀይ ሊሆን ይችላል። የራዲያተሩ ፈሳሽ በጣት ሲነካ እንደ ውሃ ነው፤ የካምቢዮ ዘይት ግን ያሙለጨልጫል፣ ካርቶን ላይም ዙሪያውን የቅባት ክብ ይሠራል። የእኔው ክብ ሠርቷል። የመሪው ዘይት ማጠራቀሚያ ደግሞ ከተሰመረለት መስመር አልወረደም። ስለዚህ የካምቢዮው ዘይት ነው።

ጋራዥ ወሰድኳት። አንስተው አዩ። ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ከላይ እስከ ታች ርሷል፣ ከሥሩ ያለው የዘይት መያዣም እንደዚያው። ወጣቱ መካኒክ ባትሪ እያበራ አሳየኝ። «የፊተኛው የዘይት ማገጃ ጎማ ነው፤ ካምቢዮው መውረድ አለበት፤ ከወረደ አይቀር ደግሞ ውስጡም ቢታይ ይሻላል» አለኝ። በጠቅላላው 80,000 ብር። ለልጄ የመጪው ዓመት ትምህርት ቤት ምዝገባ ያስቀመጥነው ማለት ይቻላል።

ማታ ለባለቤቴ ስነግረው ዝም አለ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ዋጋ ሲሰማ ከመቀመጫው ይነሳል። አሁን ግን «እስቲ ሌላ ሰው ይየው» ብቻ አለ።

ሌላው ሰው የጎረቤታችን አጎት ናቸው፤ በመካኒክነት የኖሩ፣ አሁን በየቤቱ እየሄዱ የሚሠሩ። ቅዳሜ ጠዋት መጡ። ኮፈኑን ከፍተው ብዙም ሳያዩ የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ ዘንግ ጠየቁ። ሞተሩ ሞቆ፣ ሜዳ ላይ ቆማ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ፍሬኑ እንደተረገጠ የማርሹን ዘንግ ቀስ እያሉ በሁሉም ቦታ አዞሩትና ወደ ፒ መለሱት። ሞተሩ እየሠራ ዘንጉን አወጡ፣ ጠረጉ፣ መልሰው ከተው አወጡ። ዘይቱ ለሙቅ ከተመለከተው ምልክት በብዙ አልፏል።

«የሚፈስ መኪና ዘይቱ እንዴት ይበዛል?» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ስንት ጨምራችሁበታል?»

«ምንም» አልኩ።

ባለቤቴ መሬት መሬት እያየ «ሦስት ሊትር ይሆናል» አለ።

በኋላ መለዋወጫ ጎማው ጋ፣ በጨርቅ ተጠቅልለው፣ ሁለት ባዶና አንድ ያልተጨረሰ የዘይት ዕቃ አገኘሁ። ነጠብጣቡን ጥበቃው ከማየቱ ከሁለት ወር በፊት ጀምሮ ያውቅ ኖሯል። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ወርዶ በማንቆርቆሪያ ይጨምር ነበር፤ በግምት፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ በጨለማ። እኔ በዚያ ሁለት ወር ልጆቹን ከኋላ አስቀምጬ በቀለበት መንገድ እመላለሳለሁ። የካምቢዮ ዘይት ከልክ በታች ሲወርድ መኪና ነዳጅ እየተሰጣት ጉልበት አጥታ መሀል መንገድ ልትቆም ትችላለች። የጋለ ጭስ ማውጫ ላይ የሚንጠባጠብ ዘይት ደግሞ ሊጨስ፣ ሲብስም ሊቀጣጠል ይችላል። ይህን ሁሉ አሰብኩት። ሰው ፊት ግን አልጮህኩም።

ሽማግሌው ጨዋ ሰው ናቸው፤ እኛን ትተው ስለ ካምቢዮው ማውራት ቀጠሉ። ዘይት ሲያንስ እንደሚጎዳው ሁሉ ሲበዛም ጉዳት አለው። ውስጥ የሚሽከረከሩት ክፍሎች ዘይቱን ይመቱትና አረፋ ያደርጉታል፤ አረፋው መውጫ ሲያጣ ካምቢዮው አናት ላይ ባለው መተንፈሻ ይወጣና በጎን በኩል ወደ ታች ይወርዳል። ወጣቱ መካኒክ ያሳየኝ ርጥበት ከዚህ ሊሆን ይችላል። ልጁ አላታለለኝም፤ ያየውን ነው የነገረኝ። እኛ ግን ያልነገርነው ነገር ነበረ። በሥራዬም ይህ ያጋጥመኛል፤ ሽያጭ ሲወርድ ሁሉም ጣቱን ማስታወቂያው ላይ ይቀስራል፣ መጋዘኑ ዕቃ አልላከም ብሎ የሚናገር ግን የለም።

ታዲያ መጀመሪያ የወጣው ዘይት ከየት ነው? «ከታጠበች በኋላ ይታወቃል» አሉ። ትርፉን ዘይት በቀጭን ቱቦ መጠጡትና ልኩ ላይ መለሱት። ከዚያ ላቫጆ ወሰድናት፤ የኤሌክትሪክ ክፍሎቹን በላስቲክ አስሸፍነን ሥሯንና የፊት ለፊቷን አሳጠብን። ቤት ስንመለስ «የሕፃን ፓውደር አላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ቤታችን ሌላ ቢጠፋ እሱ አይጠፋም። ደርቃ እንዳለቀች የማቀዝቀዣውን አራት የቱቦ ጫፎች፣ ራሱን ማቀዝቀዣውንና ቱቦዎቹ የሚያልፉበትን ሁሉ ፓውደር ነሰነሱበት። ትልቋ ልጄ ከበረንዳ ሆና «መኪናችንን ዳይፐር ሊቀይሩላት ነው?» አለች።

ከዚያ ነዳን። ባለቤቴና እኔ ብቻ፣ ከሰሚት እስከ ለገጣፎና መልስ፣ ዘይቱ እስኪግል። ለምን መንዳት እንዳስፈለገ አስረድተውናል። በማቀዝቀዣው ቱቦ ውስጥ ዘይት የሚገፋው ሞተሩ ሲሠራ ብቻ ነው፤ ሲግል ደግሞ ይቀጥናል። የቆመች መኪና ሥር ሌሊቱን ብትመለከቱ የምታዩት ቀን የፈሰሰው ተጠራቅሞ ሲንጠባጠብ እንጂ ሲፈስ አይደለም።

መንገድ ላይ ብዙ አላወራንም። ስንመለስ ለገጣፎ መውጫ ላይ መጨናነቅ ያዘንና ቆምን። «ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ማቀዝቀዣው ቢሆንስ ብዬ» አለ። ትንሽ ቆይቶ «ያን ቀን ጊቤ ላይ ዛፉ ሥር ተቀምጠሽ እጅሽን ሆድሽ ላይ አድርገሽ ነበር። ፈርቼ ነው ያስገጠምኩት። አሁን እሱ ራሱ ነው ያበላሻት ልልሽ አልቻልኩም» አለ። መኪኖቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ። መልስ አልሰጠሁትም፤ ምን እንደምለውም አላወቅኩም።

ግቢ ስንደርስ ሽማግሌው እየጠበቁን ነበር። ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ ፒ ላይ ሆኖ፣ ጎማዎቹ በድንጋይ ተደግፈው በስልክ ባትሪ ከፊት አየን። በክሪክ ብቻ የቆመች መኪና ሥር ማንም እንዳይገባ ያስጠነቀቁን ደጋግመው ነው። ሦስቱ የቱቦ ጫፎች ነጭ እንደሆኑ ናቸው። አራተኛው፣ ዘይቱ ወደ ማቀዝቀዣው የሚገባበት፣ ሮዝ ሊጥ ሆኗል። ከእሱ በታች ቱቦውን ተከትሎ ቀጭን መስመር ይወርዳል፣ ከሥር ያለው የፕላስቲክ መከላከያ ላይ ያርፋል፣ ከዚያ መኪናዋ ስትሄድ ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል። እኔ ካርቶን የዘረጋሁበት ቦታ ከመነሻው አንድ ክንድ ይርቃል። የካምቢዮው አናት ግን ደርቋል።

ቱቦው ጫፍ ላይ ያለውን ማጥበቂያ፣ እነሱ ፋሼታ የሚሉትን፣ በካቻቢቴ አጠበቁት። ቆመ። ባለቤቴ እፎይ አለ፤ እኔም 80,000 ብሩ ልቤ ውስጥ ተመልሶ ገባ። ሦስት ቀን ካርቶኑ ደረቅ ሆነ። በአራተኛው ቀን ቀይ ነጥብ፤ ትንሽ፣ ግን ቀይ።

በዚህ ጊዜ ቱቦውን ፈቱት። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ከሥር ሳፋ ተደርጎ። ጫፉ እንደ ደረቀ የጫማ ሶል ሆኗል፤ ሲያጥፉት ተሰነጠቀ። የነዳጅ ቱቦ ነው የገጠሙለት፤ የካምቢዮ ዘይትን ሙቀት ለረጅም ጊዜ እንዲችል አልተሠራም። ፋሼታውም ቦታውን ስቷል። ማቀዝቀዣው አፍ ላይ ቱቦው እንዳይወጣ ትንሽ ወጣ ያለ ጠርዝ አለ፤ ፋሼታው ጠርዙን አልፎ ከወዲያ በኩል መያዝ ሲገባው፣ እዚያው ጠርዙ ላይ ተቀምጦ ነው ሁለት ዓመት የኖረው። የደረቀ ጎማ ቢያጠብቁት ለጊዜው ይይዛል እንጂ መልሶ አይለሰልስም።

ሶማሌ ተራ ሄድን፤ አብረን። የመጀመሪያው ሱቅ የራዲያተር ውሃ ቱቦ ሰጠን። «ያው ቱቦ አይደል?» አለ ልጁ፣ እኔን ሳይሆን ባለቤቴን እያየ። ሽማግሌው ቱቦው ላይ የታተመውን እንዳነብ ነግረውኝ ነበር፤ ለካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ የተሠራ መሆኑ ወይም ኤስኤኢ ጄ1532 የሚል ቁጥር መኖር አለበት። አራተኛው ሱቅ ላይ አገኘነው። ከውሃው ቱቦ ዋጋው ከእጥፍ ይበልጣል፤ ቢሆንም ከካምቢዮ ማውረድ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ሁለቱንም ቱቦዎች፣ አራቱንም ፋሼታዎች ቀየርን። የማይፈሰውን ለምን ትቀይራላችሁ ያለን ሰው ነበር፤ ግን ሁለቱም በአንድ ቀን የተገጠሙ፣ ከአንድ ጥቅል የተቆረጡ ናቸው።

ልኩ እንደገና ተለካ፣ የጎደለው ተሞላ፤ የመኪናዋ መመሪያ የሚያዝዘው ቲ-ፎር የተባለው ዓይነት ነው። ካርቶኑ ሁለት ሳምንት ከሥሯ ዋለ አደረ። በመጨረሻ ጥበቃው ራሱ አጣጥፎ ጣለው።

ለፋሲካ ጅማ ሄድን። አማቴ ትንሹን ከታቀፉት ዓመት አልፏቸዋል። ጊቤን ተሻግረን ዳገቱን እንደጨረስን ባለቤቴ ሳልጠይቀው ጥግ ይዞ ቆመ። ሞተሩን አጠፋ፣ እስኪበርድ ሻይ ጠጣን፣ ከዚያ ኮፈኑን ከፈተና ነጭ ሶፍት ሰጠኝ። እጄን አሾልኬ የቱቦውን ጫፍ ጠረግኩ። ማቀዝቀዣው መሀል መሀል ላይ የልጄ ፓውደር አሁንም ነጭ ሆኖ ተጣብቋል። ሶፍቱ አቧራ ብቻ ይዞ ወጣ።

ሻንጣ ለማስተካከል ከኋላ ስከፍት ያልተጨረሰውን የዘይት ዕቃ አየሁት። ከጨርቁ ወጥቶ በግልጽ ቆሟል። ላዩ ላይ ፕላስተር ለጥፎ፣ ቱቦው በተቀየረ ቀን የተጨመረውን መጠንና ቀኑን ጽፎበታል። ከዚያ በታች ያለው መስመር ባዶ ነው።