ቀዩ መስመር

በ1980ዎቹ መጨረሻ መተማ ላይ ወባን የምናውቀው በዓይናችን ነበር። ለሰሊጥ አረማና አጨዳ ከደጋ የወረደው የቀን ሠራተኛ ክረምቱ ሲወጣ ጤና ጣቢያውን ይሞላዋል። ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ «ቢኤፍ» (የደም ምርመራ) ብሎ ለእኛ ለላቦራቶሪ ሠራተኞቹ ይልክልናል። እኛም ጣት ወግተን፣ ጠብታዋን ስላይድ ላይ ቀብተን፣ በጊምሳ አቅልመን፣ ዘይት ጠብ አድርገን በመቶው ሌንስ እንፈልጋለን። አንድን ሰው «ወባ የለብህም» ለማለት ቢያንስ መቶ ፊልድ ማየት ደንብ ነው። ወረፋው በር ድረስ ሲሰለፍ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ዓይን ሲዝል ግን ደንቡም ይላላል። አምሽቶ የመጣ በሽተኛ በትኩሳቱ ብቻ የወባ መድኃኒት ተሰጥቶት ይሄዳል፤ ሕመሙ ታይፎይድ ይሁን ካላዛር የሚያጣራለት የለም።

ኬሚስትሪ ልማር የተነሣሁት በዚህ ምክንያት ነው። የማይደክም ዓይን ፈልጌ ነበር።

አውሮፓ ስገባ ሁሉም የሚያወራው ስለ ናኖ ቴክኖሎጂ ነበር። ጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ እ.ኤ.አ. በ1991 ስለ ካርቦን ናኖቲዩብ ከጻፈ ወዲህ ላቦራቶሪዎች ፊታቸውን ወደዚያ አዙረዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ማንቸስተር ላይ ግራፊን ተገኘ። ግራፊን የካርቦን ንጣፍ ነው፤ ውፍረቱ የአንድ አቶም ስለሆነ ሁለመናው ገጽ ነው፤ የነካውን ሁሉ ይሰማል። የወባ መለያ ሴንሰር ለመሥራት አንቲቦዲ እንተክልበታለን፤ አንቲቦዲው የተህዋሱን ፕሮቲን ሲይዝ ፕሮቲኑ የተሸከመው ቻርጅ በግራፊኑ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል። የመጀመሪያው ምልክት ስክሪኑ ላይ ሲወጣ የተሰማኝ ደስታ ዛሬም አብሮኝ አለ።

ምልክቱ የወጣው ግን ጨዉ በተቀነሰ ንጹህ ፈሳሽ ውስጥ ነው። ደም ጨዋማ ነው። በደም ውስጥ ያሉት አዮኖች የፕሮቲንን ቻርጅ ከአንድ ናኖሜትር ባነሰ ርቀት ውስጥ ይሸፍኑታል፤ አንቲቦዲው ብቻውን ግን አሥር ናኖሜትር ያህል ይረዝማል። ፕሮቲኑ ተይዞ እንኳ ሴንሰሩ አይሰማውም። በዚያ ላይ አልቡሚንና ሌሎች የደም ፕሮቲኖች ገጹ ላይ ተለጥፈው የሐሰት ምልክት ይፈጥራሉ። ይህን በሙያው ያለ ሁሉ ያውቀዋል። ሆኖም በየዓመቱ የማነባቸው ብዙ ጽሑፎች ጨዉን ቀንሰው የለኩትን ውጤት ያቀርባሉ። መግቢያቸው ላይ «ላቦራቶሪ ለሌላቸው የገጠር ጤና ተቋማት» ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ገጠሩ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ አይነሳም። ያ ገጠር ለእኔ መተማ ነው። ባነበብኩት ቁጥር ቅር ይለኛል።

መተማ የደረሰው ናኖ ሌላ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየጤና ኬላው የሚጠቀሙበት ፈጣን የወባ መመርመሪያ ላይ የሚወጣው ቀይ መስመር በጣም የደቀቀ ወርቅ ነው፤ አንዷ ቅንጣት በአሥሮች በሚቆጠር ናኖሜትር የምትለካ። ወርቅ እንዲህ ሲደቅ እንደሚቀላ ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1857 አሳይቶ ነበር። እያንዳንዷ ቅንጣት አንቲቦዲ ተሸክማ በወረቀቱ ላይ ከደሙ ጋር ትጓዛለች፤ የወባው ፕሮቲን ካለ መስመሩ ላይ ተይዛ ትቀራለች። መብራት አይፈልግም፤ ማይክሮስኮፕም አይፈልግም። በሃያ ደቂቃ አካባቢ ውጤቱ ይነበባል። እኔ በሙያዬ ከዚህ የበለጠ ሥራ አላየሁም።

ተህዋሱ ግን ዝም ብሎ አልተቀመጠም። መመርመሪያው ፋልሲፓረም ከተባለው የወባ ተህዋስ ሲፈልግ የኖረው ኤችአርፒ2 የተባለውን ፕሮቲን ነው። ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን የጎደላቸው ተህዋሶች እ.ኤ.አ. በ2010 ከፔሩ አማዞን ተዘገቡ፤ ቆይቶም በኤርትራ ታዩ። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ጥናት ደግሞ ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን ድንበር አጠገብ ባሉ የትግራይ፣ የአማራና የጋምቤላ ወረዳዎች ከ12 ሺህ በላይ ሰዎች ተመርምረው፣ ከፋልሲፓረም ሕመምተኞች 9.7 በመቶ የሚሆኑት በዚሁ ጉድለት ሳቢያ በመመርመሪያው ሊታለፉ እንደሚችሉ ተገመተ። የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያ ይቀየር የሚለው ከ5 በመቶ ሲያልፍ ነው። የታለፈው ሰው «ወባ የለብህም» ተብሎ ቤቱ ይሄዳል፤ ፋልሲፓረም ደግሞ ጊዜ አይሰጥም።

በምትኩ የሚፈለገው ኤልዲኤች የተባለ ፕሮቲን ነው። ተህዋሱ ያለሱ መኖር ስለማይሆንለት እንደ ኤችአርፒ2 በቀላሉ አይጥለውም። ችግሩ የሚገኘው በአነስተኛ መጠን መሆኑ ነው፤ መስመሩ ይደበዝዛል። ደብዛዛውን መስመር ማጉላት ነው እንግዲህ የናኖ ሰዎች ሥራ። ይህን ብዬ የምርምር ገንዘብ ስጠይቅ «አዲስነት ይጎድለዋል» የሚል መልስ ደረሰኝ። መልሱን የጻፉት ሰዎች አዋቂዎች ናቸው፤ በጥቅምት አንድ ቀን ጤና ኬላ ደጃፍ ቢቀመጡ ኖሮ ግን እንዲህ ብለው የሚጽፉ አይመስለኝም።

በዚህ መስክ ዶክትሬት የምትሠሩ ወጣቶች፣ በአገር ቤትም በውጭም ያላችሁ፣ አደራ የምላችሁ አንድ ነገር አለ። ጨው ባልተቀነሰበት ሙሉ ደም፣ በቆላው ሙቀት ሳትሞክሩት የወባ መመርመሪያ ሠራን ብላችሁ አትጻፉ። ኤልዲኤችንም ያዙት፤ ሥራው ገና አላለቀም።