ለአላህ ብለን ስንተው ለምን ታመምን?



እኛ ባልና ሚስት ነን። ከሁለታችን የሚጠጣው አንዱ ነበር፤ የታመምነው ግን ሁለታችንም ነን። ባል አረቄ ቤት ያመሻል፤ ሚስት «ሥራ በዝቶበት ነው» እያለች ለልጆችና ለጎረቤት ትዋሻለች። ስለዚህ ይህን ስንጽፍ «እርሱ» እና «እርሷ» ማለቱን ትተን «እኛ» እንላለን።

መጠጥ የለመድነው መርካቶ ስንነግድ ነው። መጀመሪያ ገበያ የቀናን ዕለት በመለኪያ፣ ኋላ ገበያ ኖረም አልኖረ በጠርሙስ ሆነ። ሐራምነቱ ጠፍቶን አልነበረም። «የጠጣ ሰው ሶላቱ አርባ ቀን ተቀባይነት የለውም» ሲባል ሰማንና «እንግዲያውስ ምን አደከመን?» ብለን ሶላቱንም ተውን። መስጊድ የሚመላለሱትን ጎረቤቶቻችንን «አስመሳዮች» እያልን እናማቸው ጀመር። የሸሸናቸው አፍረን እንደነበር የገባን በኋላ ነው።

አንድ ዓመት የረመዳን ዋዜማ ለአላህ ብለን ልንተው ቆረጥን። በመጀመሪያው ቀን እጃችን ተንቀጠቀጠ፤ ላብ አጠመቀን። በሦስተኛው ሌሊት የሌሉ ሰዎች ግድግዳው ላይ ይታዩን ጀመር። ጩኸታችን ሰፈሩን ቀሰቀሰ። «ጂን ነው» ያሉ ነበሩ፤ «አላህ ሲያዋርደው ነው» ያሉም አልጠፉ። እኛ ደግሞ በልባችን ከዚያ የከፋ አሰብን፦ «ስንጠጣ ደህና ነበርን። ለእርሱ ብለን ስንተው ይህ ከመጣብን ጌታችን አይፈልገንም ማለት ነው።» ይህን ለማንም አልተናገርንም፤ ከአረቄው ይበልጥ ያቃጠለን ግን እርሱ ነው።

ሐኪም ቤት ተሸክመው ያደረሱን እነዚያው «አስመሳዮች» ያልናቸው ጎረቤቶች ናቸው። ሐኪሙ በአንገቱ ማተብ ያሰረ ነበርና «እስላም ሆኖ ይጠጣል ብሎ ሊንቀን ነው» ብለን ጉዳያችንን መንገር ከበደን። እርሱ ግን በአክብሮት አስረዳን። ለዓመታት አልኮል የለመደ አእምሮ በድንገት ሲቋረጥበት ይታወካል፤ መንቀጥቀጥ፣ የሌለ ነገር ማየት፣ አልፎ አልፎም እንደሚጥል በሽታ መውደቅ ይመጣል፤ ነፍስ የሚያጠፋበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ ብዙ የሚጠጣ ሰው ሲተው በሐኪም ክትትል ሊሆን ይገባል። ማረጋጊያ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ 1 ታዘዘልን።

ሲሻለን የሰፈራችን ሸኽ ዘንድ ሄደን የደበቅነውን ሐሳብ አወጣነው። ሸኹ አልተቆጡም። «ቁስል ሲጠረግ ያማል፤ የሚያመው ጠራጊው ስለጠላችሁ ነውን?» አሉን። የአርባውን ቀን ሐዲስም ግማሹን ብቻ እንደሰማን ነገሩን፤ ያው ሐዲስ የተጸጸተን ሰው አላህ ተውበቱን እንደሚቀበለው ይናገራል። ምንዳው ቢቀር እንኳ የሶላት ግዴታ እንደማይነሳም ዑለማኦች አብራርተዋል። ቡኻሪ የዘገቡትንም አከሉልን። በመጠጥ ምክንያት በተደጋጋሚ የተቀጣን ሰው አንድ ሰሐባ ሲረግመው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ከለከሉ፤ አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድም መሰከሩለት። ቅጣቱ አልቀረለትም፤ ፍቅሩም አልተካደም።

ከዚያ ወዲህ ሁሉ ቀና አልሆነም። በሰባተኛው ወር አንድ የንግድ ሸሪካችን ግብዣ ላይ ወደቅን። የቀድሞው ጊዜ ቢሆን «አለቀልን» እንል ነበር። ያን ሌሊት ግን ስካሩ እስኪለቅ ጠብቀን፣ ውዱእ አድርገን ሱብሒን ሰገድን፤ ሲነጋም ሳንደብቅ ወደ ሐኪሙ ሄድን። ሚስትም ለልጆቹ መዋሸቷን አቆመች፤ «አባታችሁ ታሟል፤ ዱዓ አድርጉለት» አለቻቸው። አልሐምዱሊላህ፣ አሁን አራተኛ ዓመታችንን ይዘናል።

ውድ አንባቢያን፣ በቤታችሁ የሚጠጣ ሰው ካለ ኃጢአቱን አታሳምሩለት፤ በሩንም አትዝጉበት። ሐኪም ቤትም መስጊድም አብራችሁት ሂዱ። እናንተ በዚህ የተፈተናችሁ ወንድሞችና እህቶችም፣ ሕመሙን አላህ ፊቱን ያዞረባችሁ ምልክት አድርጋችሁ አትዩት። እኛ እንዲያ አይተነው ልንጠፋ ነበር።

ወሰላሙ ዐለይኩም።