ዐይን ሲገዛና ጆሮ ሲገዛ

ወጣት አንባቢ ሆይ! ሰው ገንዘብ ሲያገኝ ይፈተናል ይባላል። እኔ ግን በስልሳ አምስት ዓመት ዕድሜዬ እንዳየሁት፣ ሰው አብልጦ የሚፈተነው ጥቂት ገንዘብ ይዞ ብዙ ሲመኝ ነው። ባለጸጋ ቢሳሳት ሌላ ይገዛል፤ ድኻ ግን ስሕተቱን ተሸክሞት ይኖራል። በላሊበላ ከተማችን አብያተ ክርስቲያናቱን የፈለፈሉት ጥበበኞች ከላይ ጀምረው ወደ ታች አለቱን ሲጠርቡ፣ አንድ ጊዜ ያለቦታው የተጠረበውን ድንጋይ መልሰው ሊተክሉት አይቻላቸውም ነበር። የድኻም ገንዘብ እንደዚሁ ነው። ዛሬ የማጫውትህ ስለ አንድ ቤዝ ጊታር ግዥ ነው፤ ነገሩ ትንሽ ቢመስልህም እስከ መጨረሻው ታገሠኝ።

በ2015 ዓ. ም. በየካቲት ወር፣ ቀድሞ ያስተማርሁት አንድ ልጅ ወደ ቤቴ መጣ። ይህ ልጅ ወደ አሸተን ማርያም የሚወጡትን እንግዶች በበቅሎ እየመራ ራሱንና እናቱን ይረዳ ነበር። በ2012 ዓ. ም. የኮሮና በሽታ መጣና እንግዳው ቀረ፤ እርሱ ሳያልፍ ደግሞ ጦርነቱ ደረሰ፤ ከተማችንም ለብዙ ወራት መብራት አጥታ በጨለማ ተቀመጠች። ልጁ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ድንጋይ ተሸክሞ፣ ጭቃ አቡክቶ፣ 22,000 ብር አጠራቀመ። ከሦስት ጓደኞቹም ጋር በየሠርጉ የሚጫወት ባንድ አቋቁሞ ነበር። ኪቦርድ የሚጫወት፣ ድራም የሚመታና የሚዘፍን አላቸው፤ የጐደላቸው ቤዝ ጊታር ብቻ ነው። አጨዋወቱን ልጁ በተውሶ ጊታር ለምዶታል።

እኔም እንደ ብዙ ሽማግሌ ተቈጥቼ፣ «በዚህ ገንዘብ በግ ግዛበት» አልሁት። እርሱም አንገቱን ደፍቶ፣ «ጋሼ፣ በጉንማ በጦርነቱ ጊዜ አየነው፤ ማን እንደ በላውም አልታወቀ። እንግዳ ቢቀር ሠርግ አይቀርም» አለኝ። ነገሩ እውነት ስለ ሆነ መልስ አጣሁ። ከአባቶቻችን ብዙዎቹ አዝማሪን ለሠርጋቸው እየፈለጉ በሌላው ቀን ይንቁት ነበር፤ እኔም ሳላውቀው ያንኑ ንቀት ተሸክሜ እንደ ኖርሁ ያን ጊዜ ተረዳሁ።

ነገር ግን ወዲያው በስልኩ ላይ አንድ ፎቶግራፍ አሳየኝ። ሰማያዊ ቀለሙ እንደ መስተዋት የሚያበራ፣ ባለ አምስት ክር፣ ታላቅ ስም የተጻፈበት ጊታር ነው። ዋጋው 40,000 ብር ነበር። የጐደለውን 18,000 ብር የእናቱን በሬ አሲዞ ከአራጣ አበዳሪ ሊበደር አስቦ ኖሯል። ይህን ስሰማ ደነገጥሁ፤ የደነገጥሁትም ስለ እርሱ ብቻ ሳይሆን የራሴን የድሮ ነውር ስላስታወሰኝ ነው።

በ1974 ዓ. ም. የሃያ ሁለት ዓመት መምህር ሳለሁ የትምህርት ቤቱን የኪነት ቡድን እመራ ነበር። እቁብ ሲደርሰኝ ደሴ ወርጄ አንድ ቀይ ጊታር ገዛሁ። በዚያ ገንዘብ ለእናቴ እህል ልገዛላት ቃል ሰጥቻት ነበር፤ ነገር ግን ጊታሩ ሲያበራ ባየሁት ጊዜ ቃሌን ረሳሁት። አንገቱን አላየሁም፤ ቅኝቱን አልሞከርሁም፤ ዐይኔ ገዛና ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ ብሞክረው አንገቱ የጐበጠ ነው፤ ክሮቹ ወደ ላይ ስለ ራቁ ሲጫኗቸው ጣት ይቈርጣሉ፤ ቢቃኙትም ቅኝት አይዝም። እንዳልመልሰው ሻጩ ሩቅ ሆነብኝ፤ እንዳልጥለው ዋጋው ከበደኝ፤ ስለዚህ በግድግዳ ላይ ሰቀልሁት። ቤቴ የሚገባው ሰው ሁሉ ያደንቀው ነበር፤ እኔ ግን ባየሁት ቍጥር አፍር ነበር።

በ1977 ዓ. ም. ረኃቡ ላስታን ሲመታ፣ ለእናቴ እህል ልሸምትበት ጊታሩን ገበያ ይዤው ወጣሁ። ዋጋውን እንኳ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እናቴ ተርፋለች፤ የተረፈችው ግን ጐረቤቶቻችን ከነበራቸው ጥቂት ገብስ ስላካፈሏት ነው እንጂ በልጇ አይደለም። እርሷ አንድ ቀን እንኳ አላነሣችብኝም፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ይህን ሁሉ ለልጁ ነገርሁት። ብዙ ጊዜ ዝም ካለ በኋላ፣ «እንግዲያው ጋሼ፣ በሬውን አላስይዝም፤ አብረውኝ ይሂዱና ባለኝ ልክ እንፈልግ» አለኝ።

ከላሊበላ ወደ ጋሸና፣ ከጋሸና ወደ ወልድያ፣ ከዚያም በደሴ አድርገን ወደ አዲስ አበባ ስንጓዝ በመኪናው ውስጥ ስለ ቤዝ ሥራ ተነጋገርን፤ ሥራውን ያላወቀ መሣሪያውን ሊመርጥ አይችልምና። እኔ ልጅ ሆኜ በሚሲዮን ትምህርት ቤት መዝሙር በአራት ድምፅ እንዘምር ነበር። መምህራችን እኔን ከቤዞቹ መካከል ባቆሙኝ ጊዜ ዜማውን ለሌሎች ሰጥተው ትርፍራፊውን የሰጡኝ መስሎኝ አኰረፍሁ። እርሳቸውም ይህን ዐውቀው አንድ ቀን ቤዞቹን ዝም አሰኝተው ሌሎቹን ብቻ አዘመሩ። መዝሙሩ ምሰሶው እንደ ተነቀለ ጎጆ ሆነ። ከዚያ ወዲህ አላኰረፍሁም።

ይህ በአገራችንም እንግዳ ነገር አይደለም። በገናን በዐሥሩ አውታሮቹ ሲደረድሩት ወፍራም ድምፁ ደረትን ያንቀጠቅጣል። በልደት ማለዳ በቤተ ማርያም ቤዛ ኵሉ ሲባልም የካህናቱን እርምጃ አንድ የሚያደርገው የከበሮው ድምፅ ነው። የከተማችንን የጥንት ስም የያዘው የሮሃ ባንድ ቤዝ ተጫዋቹ ጆቫኒ ሪኮ ነበር። ባንዱ ቀድሞ አይቤክስ በሚባልበት ጊዜ፣ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1975፣ ማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» በተባለው ሥራው አጅቦታል። ይህን ስትሰማ የምታመሰግነው ዘፋኙን ነው፤ እግርህን የሚያንቀሳቅሰው ግን ስሙን የማትጠይቀው ሰው ነው። ሥራው እንደዚህ ከሆነ፣ የመሣሪያው ማብራት ምን ይጨምርለታል?

ስለ ዋጋም አንድ ታሪክ ነገርሁት። ቢትልስ ከተባሉት እንግሊዛውያን አንዱ ፖል ማካርትኒ፣ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1961 በጀርመን አገር በሃምቡርግ ከተማ ሲጫወት ቤዝ ጊታር አስፈለገው። የአሜሪካው ፌንደር ወደ 100 ፓውንድ ገደማ ነበር፤ እርሱ ግን ይህን አልቻለም። ስለዚህ ወደ 30 ፓውንድ ገደማ ከፍሎ ቫዮሊን የሚመስለውን የጀርመኑን ሆፍነር ገዛ። ሳይበደር በገዛው በዚያ ርካሽ ጊታር ስሙ በዓለም ተሰማ። ጊታሩ በ1972 ተሰርቆ ጠፋ፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቈይቶ ለባለቤቱ መመለሱ በ2024 ተነገረ። በዚያ ሁሉ ዘመን ያላስረሳው የዋጋው ትልቅነት አልነበረም።

ገበያው ስንደርስ ግን የተፈተንሁት እኔ መካሪው ነበርሁ። በሱቁ ውስጥ ልክ በ22,000 ብር የሚሸጥ አንድ አዲስ ቀይ ቤዝ ተሰቅሏል። ከእርሱ በታች በ15,000 ብር የሚሸጥ፣ ቀለሙ የተላላጠ አሮጌ ቡናማ ቤዝ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። እኔም፣ «ቀዩ ይሻልሃል» አልሁት። ልጁ ፈገግ ብሎ፣ «ጋሼ፣ እስኪ ዐይንዎን ይጨፍኑ» አለኝ። ጨፈንሁ። አንዱን አስቀድሞ፣ ሌላውን አስከትሎ፣ ያንኑ የአምባሰል ቅኝት መታልኝ። «የቱ ይሻላል?» ቢለኝ፣ «ሁለተኛው» አልሁ። ዐይኔን ብገልጥ በእጁ የያዘው አሮጌውን ነው። ከአርባ ዓመት በኋላ ያው ቀይ ቀለም ሊያታልለኝ ተቃርቦ ነበር።

ልጁ ከመክፈሉ በፊት የመረመረበትን መንገድ፣ ይጠቅምህ እንደ ሆነ፣ ልጻፍልህ።

በመጀመሪያ አንድ ዐይኑን ጨፍኖ እንደ ተኳሽ በአንገቱ ላይ አነጣጠረ፤ የተጣመመ አንገት መዘዙ ብዙ ነውና። ቀጥሎ እያንዳንዱን ክር በየፍሬቱ እየተጫነ መታ፤ መንዘርዘር ለበገና ውበቱ ነው፣ ለቤዝ ጊታር ግን ብዙ ጊዜ የጕድለት ምልክት ነው። ሦስተኛ፣ ክሩን ልቅ አድርጎ መታና በዐሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ተጭኖ ደገመው፤ ሁለቱ ድምፆች አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን ሆነው አንድ ካልሆኑ ቅኝቱ ከፍ ሲሉ ይበላሻል። አራተኛ፣ ከቃኘው በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል ተጫውቶ መቃኛዎቹ እንዳልላሉ አረጋገጠ። አምስተኛ፣ ከአምፕሊፋየር ጋር አገናኝቶ የድምፁን ማዞሪያዎች አዟዟረ፤ ገመዱንም ነካ ነካ አደረገ፤ ቢንኰሻኰሽ ወይም ቢቋረጥ ኖሮ ዋጋውን ያስቀንስ ወይም ይተወው ነበር።

የዐይነቱንም ነገር አስበንበታል። ለጀማሪ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል ተብለው የሚቃኙት አራት ክሮች ይበቁታል፤ አምስተኛው ክር የሚያስፈልገው ሥራው ሲጠይቀው ነው። የተለመደው ቤዝ ድምፅ የሚሰጠው የክሩ ርዝመት 86 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ክንዱ አጭር ለሆነ ሰው ግን 76 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነውም አለ። ከቤዞችም በውስጣቸው ባለ 9 ቮልት ባትሪ የሚፈልጉ አሉ፤ ባትሪው ሲያልቅ ድምፁ ይዳከማል፣ ይጠፋልም። የልጁ ጊታር ባትሪ የማይፈልግ ነው፤ ይህም ባትሪው እንደ ልብ ለማይገኝበት ለእኛ አገር መልካም ነው። ደግሞም ቤዝን ከትንሽ ቴፕ ጋር አገናኝቶ ማስጮኽ ድምፅ ማጉያውን ይቀደዋል፤ ስለዚህ ባንዱ ለሠርግ ትልቁን መሣሪያ ይከራያል።

ከተረፈው 7,000 ብር ገመድ፣ ማንገቻና አንድ መለወጫ ክር ገዛ፤ ከዚያም የመኪናችንን ከፈለ፤ ኪሱ ባዶ ሳይሆን አገሩ ገባ። ጓደኞቹ ጊታሩን አይተው፣ «ይህ ከየት የተገኘ ሽማግሌ ነው!» ብለው ሳቁበት። ልጁ በዚያ ቀን እንዳዘነ ፊቱ ይነግረኝ ነበር። እኔም አላጽናናሁትም፤ እንዲህ ያለው ኀፍረት ዋጋው ትንሽ ነውና ይከፈል ብዬ ተውሁት። መብራት በሚጠፋበት ማታ የጊታሩን ጫፍ ከእንጨት በር ጋር አስደግፎ ይለማመድ ነበር፤ እንጨቱ ድምፁን ተቀብሎ ከፍ ያደርግለታል።

ከትንሣኤ በኋላ ባንዱ የተጫወተበትን የመጀመሪያ ሠርግ ሄጄ አየሁ። ስለ ጊታሩ ቀለም የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ሽማግሌው ሳይቀር ተነሥቶ ይጨፍር ነበር። በዚያ ክረምት የእናቱ በሬ የእናቱን እርሻ አረሰ።

እንግዲህ ወጣት አንባቢ ሆይ! ርካሽ ሁሉ መልካም ነው አልልህም፤ የኔ ቀይ ጊታርም ርካሽ ነበር። ውድ ሁሉ ከንቱ ነውም አልልህም፤ ያለው ሰው በገንዘቡ መልካሙን ቢገዛ ደስ ይበለው። ነገር ግን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባላልና ተበድረህ አትድመቅ። ቤዝ ጊታር ይሁን ጫማ፣ ስልክ ይሁን ሌላ፣ ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት ዕቃው የሚሠራልህን ሥራ ጠይቅ፤ በእጅህም ሞክረው፤ ከኋላው የሚከተለውንም ወጪ ቍጠር። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን በዚያው ገንዘብ ለሌላ ሰው የሰጠኸው ቃል እንዳለ አስብ። እኔ ይህን የመጨረሻውን ሳላስብ ገበያ ወጥቼ ነበር።