ከጓንጁ የመጣው ጭቁኝ በጉንደ ወይን ምድጃ ዳር

ዓባይን ተሻግሮ ወደ ምሥራቅ ጎጃም የሚጓዝ ሰው መስኮት ዳር መቀመጥ አለበት። ከጎሐ ጽዮን በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። አየሩ ይሞቃል፤ ዝንጀሮዎች ዳር ዳሩን ተቀምጠው መንገደኛ ይጠብቃሉ፤ ከታች በጃፓን ድጋፍ የተሠራው የሕዳሴ ድልድይ ብቅ ይላል። ከዚያ እንደገና ዳገት ነው። ደጀን ላይ ዋናው አስፋልት ወደ ደብረ ማርቆስ ሲቀጥል፣ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው መንገድ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅ፣ በጉንደ ወይንና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር ይገባል። በጥር ወር ጤፉ ተወቅቶ ያልቅና ጭዱ በየግቢው ይከመራል። በስተግራ በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጮቄ ተራራ ከሩቅ ይታያል።

ለእናቴ ግን ይህ ሁሉ ውበት ከአንድ ጥያቄ በኋላ የሚመጣ ነው፦ “መጸዳጃ ቤት የት አለ?” አንጀቷ መቆጣት ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። አንድ ቀን ቁርጠት፣ አንድ ቀን መነፋት፣ ሌላ ቀን ድንገት የሚያስሮጥ ተቅማጥ። በዚህ ምክንያት ጉንደ ወይን ያሉት ታላቅ እህቷ ሁለት ልጆች ሲድሩ አልተገኘችም። “ሆዴን አምኜ ዓባይ በረሃ አልገባም” ትል ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የጥር ሳምንት ግን በቤተሰብ መኪና፣ ፍቼ፣ ጎሐ ጽዮን፣ ደጀንና ቢቸና ላይ እየቆምን ይዘናት ሄድን።

“ይኼማ የኛው ነው!”

ጉንደ ወይን የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አክስቴ እንደ ደንቡ ጠላውንም፣ ቡናውንም፣ ዶሮ ወጡንም አሰናድተው ጠበቁን። ጎጃም ቤት ገብቶ “አልበላም” ማለት ከባድ ነው። “በሞቴ” ሲባል እናቴ ሁለት ጉርሻ ጎረሰች፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሆዷን ይዛ መደቡ ላይ ጋደም አለች።

ሻንጣዋን ስከፍት ለንግድ ወደ ጓንጁ የሚመላለሰው አጎቴ ያመጣላት ካርቶን ወጣ። ውስጡ እንደ ሲጋራ የተጠቀለሉ፣ ግን ወፈር ያሉ ዱላዎች አሉበት፤ ሞክሳ ይባላሉ። አንደኛውን ለኮስኩት። አክስቴ ከጓዳ ብቅ ብለው ጢሱን አሸተቱ።

“ይኼማ የኛው ጭቁኝ ነው! ይኼን ለመሸመት ነው ቻይና ድረስ የተሄደው?”

“እትዬ፣ የቻይና መድኃኒት ነው።”

“ይሁን ልጄ። እኔ ደግሞ ጨዌን ላሙቅላት።”

በብረት ምጣድ ጨው አሙቀው፣ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥረው፣ መጀመሪያ በራሳቸው ክንድ ላይ ሞክረው እምብርቷ አጠገብ አስቀመጡት። እናቴ ትንሽ ቆይታ እግሯን ዘረጋች፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተኛች።

ሁለት ምድጃዎች፣ አንድ ሐሳብ

የአክስቴ አፍንጫ አልተሳሳተም። ሞክሳ የሚሠራው አርቴሚሲያ ከሚባለው የዕፅዋት ወገን ነው፤ የእኛዎቹ ጭቁኝና አሪቲም የዚሁ ወገን ናቸው። ቻይናዎች ቅጠሉን አድርቀው እንደ ጥጥ እስኪለሰልስ ይፈጩትና ይጠቀልሉታል። ከዚያ ለኩሰው ከቆዳው ጥቂት ሴንቲ ሜትር አርቀው ይይዙታል። ለአንጀት ችግር የሚመርጧቸው ቦታዎች ከእምብርት ግራና ቀኝ እንዲሁም ከጉልበት በታች ያሉት ናቸው። “ሞክሳ” የሚለው ስም ግን የመጣው ከጃፓንኛ ነው።

የቻይና ባህላዊ ሕክምና ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ከሄናን ክፍለ ሀገር የሚላኩ የቻይና የሕክምና ቡድኖች ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ ሲመላለሱ ኖረዋል፤ በአቃቂ ቃሊቲ በሚገኘው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም በመርፌ የሚሰጠውን የቻይና ሕክምና፣ አኩፓንክቸርን፣ ያገኙ ታካሚዎች አሉ።

ሙቀት ለምን ያሳርፋል? ቆዳችን ላይ ሙቀት የሚለዩ የነርቭ ጫፎች አሉ። እነሱ ሲነቁ ወደ አንጎል የሚሄደው የሕመም መልእክት ይደበዝዛል፤ የተኮማተረው ጡንቻ ይላላል፤ የደም ዝውውር ይጨምራል። ይህን የሞክሳ ዱላም፣ የአክስቴ ጨውም፣ የሙቅ ውኃ ላስቲክም ያደርገዋል።

በሆዳችን ያለው ሕዝብ

የእናቴን ችግር ሐኪሞች ኢሪተብል ባወል ሲንድሮም፣ ባጭሩ አይቢኤስ ይሉታል። ሕመሙ ላለፉት ሦስት ወራት ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን የሚመላለስና ከሰገራ ሁኔታ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ በምርመራ ግን ቁስል ወይም እብጠት የማይገኝበት ነው። አንጀቱ ጤናማ ይመስላል፤ ስሜቱ ግን ስስ ሆኗል። በሴቶች ላይ ይበረታል። አንዳንዶችን የሚይዛቸው ከከባድ የአንጀት ኢንፌክሽን በኋላ ነው፤ ከአሥር ሰው አንዱ ገደማ ተቅማጡ ሲያልፍለት ቁጣው ይቀርበታል።

እዚህ ላይ ባክቴሪያዎች ይገባሉ። በሰውነታችን 38 ትሪሊዮን ገደማ ባክቴሪያዎች እንዳሉ ይገመታል፤ አብዛኞቹ የሚኖሩት በትልቁ አንጀት ነው። እኛ መፍጨት ያቃተንን ያብላላሉ፤ የአንጀትን ግድግዳ የሚመግብ ንጥረ ነገር ይሠራሉ፤ ከነርቮቻችን ጋርም ይነጋገራሉ። በብዙ የአይቢኤስ ታካሚዎች ዘንድ የእነዚህ ባክቴሪያዎች ስብጥር ከጤነኛ ሰው ይለያል።

ሻንጋይን ጨምሮ በቻይና ከተሞች ያሉ ተመራማሪዎች አንጀታቸው እንዲቆጣ በተደረጉ አይጦች ላይ ሞክሳን ሞክረዋል። ሕመሙ መቀነሱን ብቻ ሳይሆን የአንጀት ባክቴሪያዎቹ ስብጥር መለወጡንም ጽፈዋል። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ሙቀቱ በነርቭ በኩል የአንጀትን እንቅስቃሴ ያረጋጋል፤ እንቅስቃሴው ሲረጋጋ ለባክቴሪያዎቹም ኑሮ ይስተካከላል። ደስ የሚል ሐሳብ ነው። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነውና እንዲህ ያለ ሐሳብ ካርቶን ላይ ሲታተም “አንጀትን ያድሳል” እንደሚሆን አውቃለሁ። አይጥ ግን ሰው አይደለም። በሰው ላይ የተደረጉት ጥናቶች አብዛኞቹ ትንንሾች ናቸው፤ ታካሚው ዱላው ሲለኮስ እያየ ስለሆነም እምነቱ የሠራውን ሙቀቱ ከሠራው መለየት ይከብዳል።

ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት የወሰደችው ከዚሁ ከአርቴሚሲያ ወገን ነው። ከአንደኛው ዝርያ ያወጣችው አርቴሚሲኒን ዛሬ ዓባይ በረሃ ላይ ወባ የያዘው ሰው የሚውጠው የኳርተም መሠረት ነው። ለዚያ ያበቃት ግን የቅጠሉ ጥንታዊነት ብቻ አልነበረም። ማፍላት ኃይሉን እንደሚገድለው ተረድታ ብዙ ሙቀት በማይነካው መንገድ አወጣችው፤ ከዚያ ፈተነችው። ሞክሳም ጭቁኝም እንዲህ ያለ ፈተና ይገባቸዋል።

ከጨዋታ የተገኘ ትምህርት

በማግሥቱ ገበያ ወጣን። ፌጦ፣ ዳማከሴ፣ ጤና አዳምና ቀበሪቾ ተደርድረዋል፤ ከጎናቸው ላስቲክ ላይ የተዘረጉ እንክብሎች ነበሩ። አንዲት እናት “ለአሜባ” ብለው ፍላጂል ጠየቁ፤ ሰገራ ተመርምረው እንደሆነ የጠየቃቸው የለም። እናቴ ዝም ብላ አየቻቸው። አዲስ አበባም እሷ ራሷ ሆዷን በቆረጣት ቁጥር ስንት ጊዜ ያለ ምርመራ “አሜባ ነው” ተብላ ውጣለች! ፍላጂል ለእውነተኛው አሜባና ጃርዲያ ፍቱን ነው። ነገር ግን አየር በሌለበት የሚኖሩ ባክቴሪያዎችን ይገድላል፤ የአንጀታችን ባክቴሪያዎች አብዛኞቹ ደግሞ እንዲያ ያሉ ናቸው። በከንቱ የተዋጠ እንክብል ጠላት ሳያገኝ ወዳጅ ይፈጃል።

አክስቴ ቤት ሳለን የምግቡንም ነገር አስተዋልን። ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሽሮና ምስር ውስጥ ያሉ የስኳር ዓይነቶች ትንሹ አንጀት ውስጥ ሳይፈጩ ያልፉና ባክቴሪያ ያብላላቸዋል፤ ጋዝ ይፈጠራል። ይህ ለጤነኛ ሰው በጎ ነው፤ ስስ አንጀት ላለው ግን ሕመም ነው። የአውስትራሊያው ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ እነዚህን ምግቦች ለጥቂት ሳምንታት ቀንሶ፣ ከዚያ አንድ በአንድ እየመለሱ የሚጎዳውን የመለየት ዘዴ አዘጋጅቷል። ለዘለዓለም መተው ግን ጥሩዎቹን ባክቴሪያዎችም ያስርባል፤ ስለዚህ ከባለሙያ ጋር ይሁን። በቀሪዎቹ ቀናት አክስቴ ሽንኩርት ያልበዛበት አልጫ ሠሩ፤ ከተፈላ ወተት የተሠራ፣ ወይራ በታጠነ ዕቃ የረጋ እርጎም አቀረቡ። እናቴ በልታ ቡና እስኪፈላ ተጫወተች።

መንገድ ለምትወጡ

ጉዞ ስታስቡ እንዲህ ያለ የቤተሰብ አባል ካላችሁ የመቆሚያ ከተሞችን አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ጭንቀት ራሱ አንጀትን ያንቀሳቅሳል። ጨው ወይም የሙቅ ውኃ ላስቲክ በጨርቅ ጠቅልሉ፤ መጀመሪያ በክንድ ሞክሩ። ሞክሳ ቆዳ ያቃጥላል፤ ጢሱ አስም ላለበት አይሆንም፤ ነፍሰ ጡር ሆድ ላይና ስሜቱ በደነዘዘ የስኳር ሕመምተኛ እግር ላይ አይያዝም። በሰገራ ደም ከታየ፣ ክብደት ያለ ምክንያት ከቀነሰ፣ ሕመሙ ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰ፣ ወይም ከትኩሳት ጋር በቀኝ የታችኛው ሆድ ከበረታ፣ ምድጃው ጠፍቶ ወደ ሐኪም ይኬዳል።

ጉንደ ወይንን ለቀን ስንወጣ አክስቴ በቁራጭ ጨርቅ የቋጠሩትን ጨው ለእናቴ እጇ ላይ አስጨበጧት። የጓንጁን ካርቶን አስቀርተውታል፦ “ቤት ያሸትትልኛል” ብለው። እናቴ ደግሞ ከመኪናው መስኮት፣ ለሚቀጥለው ሰርግ ቀኑ ሲቆረጥ ቀድመው እንዲነግሯት አደራ አለቻቸው።