ከማን አንሼ

የአዲስ አበባ ስታዲየም መቀመጫዎች ስም ያገኙት ከመሐንዲስ ወረቀት ወይም ከማዘጋጃ ቤት መዝገብ አይደለም። ጣሪያ ያለውን፣ ደኅና ኪስ ያለው ሰው የሚቀመጥበትን ክፍል «ጥላ ፎቅ» ብሎ የጠራው፣ ፀሐይና ዝናብ የሚፈራረቁበትንም የሲሚንቶ ደረጃ «ካታንጋ»፣ «ሚስማር ተራ»፣ «ዳፍ ትራክ»፣ «ከማን አንሼ» እያለ የሸነሸነው ትኬት ቆርጦ የገባው ሕዝብ ነው። በቃላት የሚተዳደር ሰው እነዚህን ስሞች ሲሰማ በጥቂቱ መቅናቱ አይቀርም። ካታንጋ የኮንጎ ግዛት ነበር። ኢትዮጵያውያን ወታደሮች ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት ዓርማ ሥር ወደ ኮንጎ ዘምተዋል፤ የሩቅ ጦር ሜዳ ስምም አዲስ አበባ ላይ የጩኸት ሰፈር መጠሪያ ሆኖ ቀረ። «ከማን አንሼ» ግን ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ጥላ ፎቅ ለመግባት ኪሱ ያልፈቀደለት ሰው በሁለት ቃል ራሱን ከፍ አድርጎ የተቀመጠበት ስንኝ ነው። ደራሲው አይታወቅም፤ ክፍያ የሚጠይቅበትም የለም፤ ነገር ግን ከብዙዎቻችን ሥራ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ኖሯል።

ስለ ትያትር፣ ስለ ሥዕልና ስለ ግጥም በሚጻፍበት ገጽ ላይ የኳስ ሜዳ ጉዳይ ማንሣቴ አንዳንድ አንባብያንን ያስገርም ይሆናል። ይሁን እንጂ ስታዲየም የከተማችን ትልቁ መድረክ መሆኑን ማን ይክዳል? ሠላሳ አምስት ሺህ ያህል ሰው የሚይዝ የትያትር አዳራሽ የለንም። በትያትር ቤት ተመልካቹ ጸጥ ብሎ ይቀመጣል፤ በስታዲየም ግን ተመልካቹ ራሱ ዜማ አውጪ፣ ራሱ ገጣሚ፣ ራሱም ኃያሲ ነው። የተውኔቱም ፍጻሜ አስቀድሞ አልተጻፈም። ስለዚህ የምለውን ከወዲሁ ላስቀምጥ፤ የአንድ ቡድን ሜዳ የሣርና የብረት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሕዝብ ከነተቀናቃኙ በአንድ ጣሪያ፣ ወይም ጣሪያ በሌለው በአንድ ሰማይ ሥር፣ ተሰብስቦ የሚናገርበት ስፍራ ነው። ያን ስፍራ ያጣ ከተማ ድምፁ ይጎድላል።

የምኖረው በደቡቡ የከተማ ዳርቻ፣ በሳሪስ አቦ ነው። ሰፈራችን ከመሐል ከተማ ርቆ ቢታይም ከስታዲየሙ ጋር የሚያገናኘው መንገድ ቀጥ ያለ ነው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር መስመር ከቃሊቲ ተነሥቶ በአቦ፣ በሳሪስ፣ በአደይ አበባ፣ በንፋስ ስልክ፣ በላንቻና በጠመንጃ ያዥ በኩል አድርጎ ከስታዲየሙ አጠገብ ያደርሳል። ከዚያ በፊት በአውቶቡስ፣ የአውቶቡስ ሳንቲም ያልነበረው ደግሞ በእግሩ፣ የደብረ ዘይትን መንገድ ይዞ ይወጣ ነበር። የፋብሪካ ደወል የሚያስነሣው ሰፈር እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ሌላ ደወል ይሄዳል።

እኔ የቡና ቲፎዞ ነኝ። ለዚህ ያበቃኝ የቡድኑ አጨዋወት አይደለም፤ እናቴ ቡና ለቃሚ ነበረች። ከሳሪስ እስከ ቃሊቲ ባለው መንገድ አካባቢ በሚገኙት የቡና ማዘጋጃ መጋዘኖች ሴቶች ተደርድረው ተቀምጠው፣ ወደ ውጭ አገር ከሚላከው ቡና ውስጥ ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የነካውን ፍሬ በጣታቸው ሲነጥሉ ይውላሉ። እናቴ ከእነርሱ አንዷ ነበረች። ማታ ወደ ቤት ስትገባ ነጠላዋ የጥሬ ቡና ገለባ ይሸት ነበር። ስታዲየም ገብታ አታውቅም፤ የጨዋታውንም ሕግ አታውቅም። ነገር ግን እሑድ ማታ «ቡናችን እንዴት ዋለ?» ብላ ሳትጠይቀኝ እራት አቅርባ አታውቅም። ለእርሷ ቡድኑ በጣቷ መካከል ያለፈው ፍሬ ስም ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ የተመሠረተውና ጎልማሶች እስከ ዛሬ «ቡና ገበያ» ሲሉ የሚሰማው ይህ ክለብ እንዲህ ያሉ የብዙ ቤቶች ክለብ ነው። ቡናውን የሚተክለው፣ የሚያጥበው፣ የሚለቅመውና የሚጭነው ሰው የዓለም ገበያውን ዋጋ የሚሰማው ከሩቅ ነው፤ ግቡን ግን በዚያው ቅጽበት ይካፈላል።

ፍቅሬ ግን ዓይኔን አልጋረደውም። ቡና ኳስን በአጭር በአጭሩ እየተቀባበለ፣ ተመልካቹን እያስጨበጨበ፣ ከግቡ አፋፍ ሲደርስ የመጣበትን ጉዳይ የሚረሳ ቡድን ሆኖ ብዙ ጊዜ አበሳጭቶናል። አንደኛውና ሁለተኛው ገቢር አምሮ ሦስተኛው የሚከሽፍበት ተውኔት ይመስላል። ቢሆንም በ1990 ዓ.ም. በአፍሪካ ሻምፒዮኖች ውድድር የግብፁን ኃያል ክለብ አል አህሊን ከውድድር ውጭ ያደረገው ይኸው ቡድን ነው። በ2003 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ ደግሞ ከሳሪስ እስከ መርካቶ የነበረው ደስታ የአንድ ዓመት ሳይሆን የብዙ ዓመት ጥማት ነበር። በ2013 ዓ.ም. አቡበከር ናስር በአንድ የውድድር ዘመን 29 ግቦች በማስቆጠር፣ ዮርዳኖስ ዓባይ በመብራት ኃይል ማሊያ አስመዝግቦት የነበረውን የ24 ግብ ክብረ ወሰን ሰበረ። ወጣቱ ቀጥሎ ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ አመራ። እኛም እንደ ቡናችን ነው ብለን ተጽናናን፤ ምርጡ ፍሬ ተለቅሞ ወደ ውጭ ይላካል፣ ቀሪውን አገር ቤት ቆልተን እንጠጣለን።

አሁን ወደ ተቀናቃኛችን ልለፍ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊዎች ዋንጫቸውን እንድቆጥርላቸው ቢጠብቁ አልቆጥርም፤ እነርሱ ራሳቸው ሳይታክቱ ይቆጥሩታል። ስለ ታሪካቸው ግን እውነቱን መናገር ግድ ነው። ክለቡ በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ በአየለ አትናሽና በጆርጅ ዱካስ አነሣሽነት ሲመሠረት አገሪቱ በፋሺስት ወረራ ላይ ነበረች። ከነጻነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. የተጀመረው የመጀመሪያው ውድድር የከተማይቱን ማኅበረሰቦች የወከሉ አምስት ቡድኖች የተካፈሉበት ነበር፤ የጣሊያኖች ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖች አራራት፣ የግሪኮች ኦሎምፒያኮስ፣ የእንግሊዝ ጦር ሚሲዮን ቡድንና ጊዮርጊስ። ዋንጫውን የእንግሊዞቹ ቡድን ወሰደው፤ በዚያ ሜዳ ላይ የአገሩን ልጆች ስም ይዞ የቆመው ግን ጊዮርጊስ ነበር። ቡና ባልተወለደበት በዚያ ዘመን የእኔም አያት ቢሆን ለማን ሊያጨበጭብ ኖሯል?

ከዚያው ቤት የወጣው ይድነቃቸው ተሰማ በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲቋቋም ከመሥራቾቹ መካከል ነበር። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስካረፈበት ጊዜ ድረስም በፕሬዚዳንትነት መርቶታል። የአፓርታይድ ሥርዓት ከስፖርት ዓለም እንዲገለል ካደረጉት ብርቱ ድምፆች አንዱ የእርሱ ነው። የተቀናቃኝ ክለብ ልጅ ነው ብዬ ይህን ክብር ለፈረሰኞቹ ብቻ ብተው ራሴን አደኽያለሁ። ተውኔት የሚጽፍ ሰው ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ደካማ ባላንጣ ያለው ጀግና ተመልካች አይኖረውም። ጊዮርጊስ ባይበረታ ኖሮ ቡና ያን ያህል ባልተወደደ ነበር፤ ቡና ባይዘፍን ኖሮም የጊዮርጊስ ድል ዝም ያለ ድል በሆነ ነበር።

የዚህ ዝምድና ሚዛን የሚታየው ብሔራዊ ቡድኑ ሲጫወት ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በዚሁ ስታዲየም፣ በሉቺያኖ ቫሳሎ አምበልነትና በይድነቃቸው አሠልጣኝነት፣ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። ልክ በ51 ዓመቱ፣ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰው ቡድናችን በደቡብ አፍሪካዋ ኔልስፕሩት የወቅቱን ሻምፒዮን ዛምቢያን ገጠመ። ሳላዲን ሰዒድ የመታው ፍጹም ቅጣት ምት ተመለሰ፤ በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፤ በአሥር ሰው እየተጫወትን አዳነ ግርማ የአቻነቷን ግብ አገባ። አዳነ የጊዮርጊስ ተጫዋች ነበር። ጨዋታውን ባየሁበት የሳሪስ ሻይ ቤት የቡና መለያ የለበሱ ወጣቶች ስሙን እየጠሩ ወንበር ላይ ቆመው ነበር። በሳምንቱ ተመልሰው እንደሚሰድቡት ያውቃሉ፤ ያን ቀን ግን ወንድማቸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ያሳዝናል። ከ2013 ዓ.ም. አንሥቶ የሊጉ ጨዋታዎች በአንድ ከተማ ተሰባስበው ለጥቂት ሳምንታት ከተካሄዱ በኋላ ወደ ሌላ ከተማ የሚዛወሩ ሆኑ። የአዲስ አበባው ስታዲየም ለእድሳት በተዘጋባቸው ዓመታት ሁለቱ የሸገር ክለቦች ሙግታቸውን ከቤታቸው ርቀው ሲቋጩ የእኛ ሰፈር ሰው በቴሌቪዥን ተመለከታቸው። ሐዋሳ፣ አዳማ፣ ባሕር ዳርና ድሬዳዋ እንግዳ ማክበር የሚያውቁ ከተሞች ናቸው፤ ኳስም ወደ እነርሱ መድረሷ መልካም ነው። ነገር ግን የሁለት ጎረቤታሞች ክርክር ሁለቱም በማይኖሩበት ሰፈር ሲካሄድ ጣዕሙ ይጠፋል።

ለብሔራዊ ቡድናችን የደረሰው ደግሞ ከዚህ የከፋ ነበር። ስታዲየሞቻችን የአህጉሩ ኮንፌዴሬሽን የሚጠይቀውን መመዘኛ ባለማሟላታቸው ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን «በሜዳችን» የገጠምነው በማላዊ ዋና ከተማ በሊሎንግዌ ነው። በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ግቦች 2 ለ 0 አሸነፍን። በ1954 ዓ.ም. በገዛ ከተማችን፣ በገዛ ሕዝባችን ፊት ያሸነፍናትን አገር ከስድሳ ዓመት በኋላ በተከራየነው ሜዳ አሸነፍናት። ድሉ ድል ነው፤ ይሁንና ሠርጉን በሰው ቤት የደገሰ ቤተሰብ ደስታው ሙሉ ይሆናልን?

ሬዲዮ ያሳደገኝ ልጅ በመሆኔ ከሩቅ መስማት ዋጋ የለውም አልልም። በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፋ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ የደምሴ ዳምጤ ድምፅ እያንዳንዱን ቤት ስታዲየም አድርጎት ነበር። ነገር ግን ያ ድምፅ ኃይሉን ያገኘው ከጀርባው ከሚሰማው የሕዝብ ሁካታ ነበር። የዛሬው የሰፈራችን ወጣት በየማሳያ ቤቱ ተቀምጦ ስለ አርሰናልና ስለ ማንችስተር ዩናይትድ እስከ ጠብ ይከራከራል። አልወቅሰውም፤ ጨዋታው ያምራል። ሆኖም ለንደን ውስጥ የተቀመጠ ተመልካች የሳሪስን ልጅ ዜማ አይሰማም። ቲፎዞ ማለት ድምፁ ተጫዋቹ ዘንድ የሚደርስ ሰው ነው፤ የማይደርስ ከሆነ ደንበኛ ብቻ ይሆናል።

ደግሞም ሜዳ ሲጠፋ የሚጠፋው ዜማ ብቻ አይደለም፤ የመሰዳደብ ጨዋነትም አብሮ ይጠፋል። አንባቢ በዚህ አነጋገር አይሳቅብኝ። የቡናና የጊዮርጊስ ደጋፊ ለዓመታት በአንድ የሲሚንቶ ደረጃ ላይ ትከሻ ለትከሻ ሲቀመጥ፣ ስለ በረኛው እግር፣ ስለ አጥቂው ሆድና ስለ አሠልጣኙ መላጣ በሰምና ወርቅ ሲነካካ ኖሯል። ጠብ አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ ድንጋይም ተወርውሯል፤ ወንበርም ተነቅሏል። ነገር ግን ስድቡ ሰውየው ስለሚደግፈው ቡድን እንጂ ስለ ተወለደበት ብሔር አልነበረም። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. በአገራችን አንዳንድ ሜዳዎች የብሔር ቅራኔ ከአጥር ውጭ አልቀር ብሎ ግጥሚያዎች በገለልተኛ ሜዳ እስከ መካሄድ ሲደርሱ አይተናል። ከዚያ የምንማረው ይህ ነው፤ ማሊያ ሊወልቅ ይችላል፤ ትውልድ ግን አይወልቅም። ሰው አውልቆ ሊጥለው በማይችለው ነገር ላይ የተገጠመ ዜማ የዝማሬ ስም አይገባውም።

በዚህ ረገድ የኪነ ጥበብ ሰውና መምህሩ ሥራ አላቸው። በየሜዳው የተዜሙት ግጥሞች ባለቤታቸው እየሞተ፣ ሜዳው እየተዘጋ ከመጥፋታቸው በፊት መሰብሰብ ይኖርባቸዋል፤ የልቅሶና የሠርግ ግጥም ለጥናት ከበቃ የካታንጋ ግጥም የማይበቃበት ምክንያት የለም። መምህሩም ተማሪውን ሰምና ወርቅ ሲያስተምር ከሜዳው አንድ ሁለት ምሳሌ ቢወስድ ክፍሉ እንቅልፍ አያሸንፈውም። የስፖርት ሹማምንት ደግሞ ስታዲየም ሲያድሱም ሲያንጹም ከመብራቱና ከሣሩ ጥራት ጋር አንድ ነገር እንዲያስቡ እንጠይቃለን፤ የቀን ሠራተኛውና የቡና ለቃሚዋ ልጅ የሚገቡበት ርካሽ ደረጃ በቁጥርም በስፋትም እንዳይቀንስ።

በቦሌ ግንባታው በ2008 ዓ.ም. የተጀመረውና ስድሳ ሺህ ያህል ሰው እንዲይዝ የታቀደው ስታዲየም አደይ አበባ ተብሏል፤ በእኛም ሰፈር ፋብሪካና የባቡር ጣቢያ በዚሁ ስም ይጠራሉና በደስታ ተቀብለነዋል። መቀመጫዎቹ ቁጥርና ፊደል ይኖራቸዋል፤ ለሥርዓት አስፈላጊ ነው። ቁጥሩን መሐንዲሱ ይለጥፍ። ስሙን ግን ለሕዝቡ ይተውለት፤ ሕዝቡ ገብቶ ከተቀመጠ፣ ቡናውና ፈረሰኛው ፊት ለፊት ከተያየ፣ ስሙ በመጀመሪያው እሑድ ይወጣል።