የተሰጠ ቃል

ልጅ ሳለሁ የካውቦይ ፊልም ለማየት ሲኒማ ቤት በገባሁ ጊዜ ሁሉ፥ የፈረሰኛው ጦር መለከት ሲሰማ ከጓደኞቼ ጋራ ብድግ ብዬ አጨበጭብ ነበር። ጦሩ የሚያሳድደው ማንን እንደ ሆነ፥ ስለ ምንም እንደ ሆነ ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም። በቅርቡ ዋልተር ሂል በ1993 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ያዘጋጀውን «ጄሮኒሞ» የተባለውን ፊልም ባየሁ ጊዜ ግን፥ መለከቱ ሲነፋ እጄ አልተነሣም።

ፊልሙ የሚተርከው የቺሪካዋ አፓች ሕዝብ ከአሜሪካ መንግሥት ጋራ ያደረገውን የመጨረሻ ትግል ነው። የትግሉ ምክንያት ሲመረመር ከሥሩ የፈረሰ ቃል ይገኛል። በ1872 ታላቁ አለቃ ኮቺዝ ከጄኔራል ሃዋርድ ጋራ ታርቆ፥ ሕዝቡ በአሪዞና በገዛ ተራሮቹ መካከል እንዲኖር ተፈቅዶለት ነበር። ኮቺዝ በ1874 ሞተ፤ የተፈቀደውም አገር በ1876 ተሻረና ሕዝቡ ሳን ካርሎስ ወደሚባለው ሞቃትና ደረቅ ስፍራ እንዲዛወር ታዘዘ። ጄሮኒሞም አንድ ጊዜ እየሸፈተ፥ አንድ ጊዜ እየገባ ዐሥር ዓመት ኖረ። በዚህም ጊዜ እርሱና ተከታዮቹ ሰላማዊ ሰዎችን መግደላቸውን ፊልሙ አይሸሽግም፤ እኔም ልሸሽገው አልወድም።

በ1886 ጄሮኒሞና የኮቺዝ ልጅ ናይቼ፥ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ 40 የማይሞሉ ሰዎችን ይዘው በሜክሲኮ ተራሮች ሲዘዋወሩ 5,000 ወታደር ተሰልፎባቸው ነበር። ይሁን እንጂ ያስገባቸው ጥይት ሳይሆን ቃል ነው። የመቶ አለቃ ጌትውድ ካይታና ማርቲን ከተባሉ ሁለት አፓቾች ጋራ ዘልቆ፥ እጃቸውን ቢሰጡ በፍሎሪዳ ከቤተ ሰባቸው ጋራ እንደሚገናኙ ነገራቸው። እነርሱም አምነው ሴፕቴምበር ወር በገባ በ4ኛው ቀን ለጄኔራል ማይልስ ገቡ። ነገር ግን ወንዶቹ በአንድ ምሽግ፥ ሚስቶችና ልጆች በሌላ ምሽግ ታሰሩ። ጄሮኒሞ በ1909 በኦክላሆማ እንደ እስረኛ ሞተ፤ ሕዝቡም እስከ 1913 ድረስ በምርኮኛነት ቈየ።

እኔን ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ ግን የታማኞቹ ነገር ነው። ከጦሩ ጋራ ሆነው ወገኖቻቸውን ያሳደዱት አፓቾች መሣሪያቸውን ተገፍፈው ከሸፈቱት ጋራ በአንድነት ተጋዙ። ቻቶ የተባለው ዋሽንግተን ተጠርቶ ሜዳልያ ከተሸለመ በኋላ፥ ወደ አገሩ ሲመለስ ከመንገድ ተይዞ ወደ ፍሎሪዳ ተላከ። ካይታና ማርቲንም ከዚህ ዕጣ አላመለጡም። በፊልሙ ውስጥ ወጣቱ መኰንን ዴቪስ ይህን አይቶ ሥራውን ይለቅቃል።

ይህን ስመለከት የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ጀማሪ ጸሓፊ ሳለሁ፥ መንገድ ሲሠራ ማሳቸው የተወሰደባቸውን አንድ ሽማግሌ «ካሣዎ እስከ መስቀል ይደርስዎታል፤ ይፈርሙ» ብዬ አስፈረምኋቸው። መስቀል ዐለፈ፤ ፋሲካም ዐለፈ። አለቆች ተለዋወጡ፤ ፋይሉም ከመዝገብ ቤት አልወጣም። ሽማግሌው በመጨረሻ ሲመጡ አልተቈጡም። «ልጄ፥ እኔ መሥሪያ ቤቱን መች ዐውቀዋለሁ? የማውቀው አንተን ነው» ብለው በትራቸውን አንሥተው ሄዱ። እኔም የታዘዝሁትን ነው የተናገርሁ እያልሁ ራሴን ሳጽናና ኖሬአለሁ።

ጌትውድም የተናገረው የታዘዘውን ነበር። ነገር ግን መንግሥት ፊት የለውም፤ ሕዝቡ የሚያየው የመልእክተኛውን ፊት ነው። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ያሉት አባቶቻችን፥ ቃሉ የአለቃ ከሆነ መልእክተኛው ነጻ ነው ብለው አልጨመሩበትም።

እንደ ዴቪስ ሥራን ለቅቆ መሄድ ሁሉ ሰው የሚችለው ነገር አይደለም፤ እኔም አላደረግሁትም። ነገር ግን ሽማግሌውን ከማስፈረሜ በፊት፥ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣና የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ አለቃዬን መጠየቅ እችል ነበር። ይህን ለመጠየቅ የሚያስፈልገው ትንሽ ድፍረት ነበረ፤ እርሱንም አላገኘሁትም።