በእኔ ኢሜይል የተመዘገበ ስም

የምተዳደረው ለትንንሽ ነጋዴዎች ዌብሳይት በመሥራት ነው። ደንበኞቼ የሐበሻ ልብስ ነጋዴዎች፣ ቡና ቆልተው የሚያሽጉ ሰዎች፣ የቤት ዕቃ ሠሪዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ ከኢንተርኔት ጋር የተዋወቁት በስልካቸው ቴሌግራም ነው። እኔ ዘንድ የሚመጡት እነሱ የማያዩትን አይቼ እውነቱን እንድነግራቸው ነው። ይህን አደራ እንዴት እንደያዝኩት ራሴን ስመረምር ያገኘሁትን ለንስሐ አባቴ ብቻ ነግሬ የምተወው አይደለም፤ ጉዳዩ ሱቅ ከፍቶ የተቀመጠውን ሰው ይነካልና።

የብዙ ደንበኞቼን የዶሜን ስም በራሴ ኢሜይል አስመዝግቤ ኖሬአለሁ። ኑዛዜዬ ይህ ነው።

ዶሜን ማለት ሰው ስልኩ ላይ ጽፎ ሱቃችሁን የሚያገኝበት፣ መጨረሻው ዶት ኮም ወይም ዶት ኢቲ የሆነው አድራሻ ነው። አንዴ ተገዝቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ዶት ኮም ቢያንስ ለ1፣ ቢበዛ ለ10 ዓመት ይመዘገባል፤ ከዚያ ይታደሳል። ዋጋው ብዙውን ጊዜ በዓመት ከ10 እስከ 20 ዶላር ነው። ሆስቲንግ የሚባለው ሌላ ነው፤ ፎቶውና ጽሑፉ የሚቀመጥበት፣ ቀንና ሌሊት በማይጠፋ ኮምፒውተር ላይ የምትከራዩት ቦታ። ሆስቲንጉ ቢቀየር፣ ዲዛይኑም ፈርሶ ቢሠራ ደንበኛችሁ አይጠፋባችሁም። ስሙ ግን እንደ ቤት ካርታ ነው፤ በማን እንደወጣ ነው የሚታየው።

ሽሮ ሜዳ ቀሚስና ጋቢ የሚሸጡ አንዲት እናት ሥራውን ሳስረክባቸው፣ «ልጄ፣ እንግዲህ ይሄ ስም የእኔ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «አዎ እትዬ፣ የእርስዎ ነው» አልኳቸው። አመኑኝና ዕቃ በሚይዙበት ከረጢት ላይ ሁሉ አሳተሙት፤ አሜሪካ ላሉ ደንበኞቻቸው የሚልኩት እሱን ነው። ስሙ ግን የተመዘገበው በእኔ አካውንት ነበር። የተናገርኩት እውነት አልነበረም፤ ስናገረውም አውቅ ነበር።

ለራሴ የምሰጠው ምክንያት የዶላር ካርድ የላቸውም የሚል ነበር። እርግጥ ነው፣ አገር ውስጥ ያለ ትንሽ ነጋዴ ለውጭ ኩባንያ በካርድ መክፈል ሲቸግረው ኖሯል። ግን ማን ከፈለ ሌላ፣ ባለቤቱ ማን ነው ሌላ። አካውንቱን በእሳቸው ኢሜይል ከፍቼ በእኔ ካርድ መክፈል እችል ነበር። ኢሜይል የላቸውም እንዳልል፣ ከልጃቸው ጋር ቁጭ ብሎ መክፈት የደቂቃዎች ሥራ ነው። እውነተኛው ምክንያት ፍርሃት ነው። ፓስዎርዱን ከሰጠኋቸው በርካሽ ወደሚሠራላቸው ይሄዳሉ ብዬ ፈራሁ። ጥሩ ሠርቼ ከማቆየት ይልቅ እንዳይሄዱ አድርጌ ማቆየትን መረጥኩ።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ግን ዌብሳይት እንዲያሠሩ ሳግባባቸው የምናገረው ነው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ኢትዮጵያ ውስጥ ተገድበው ነበር። ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም ነበር፤ ገበያው በሙሉ ቴሌግራም ቻናሉ ላይ የነበረ ነጋዴ ያን ጊዜ ምን እንደሆነ ያውቃል። ያንን እያነሳሁ፣ «ቻናሉ የሌላ ሰው ቤት ነው፤ የራስዎ አድራሻ ይኑርዎ፣ ማንም አይወስድብዎትም» እል ነበር። ምክሩ ትክክል ነው፣ ዛሬም እመክረዋለሁ። (ኢንተርኔቱ ራሱ ሲዘጋ ዌብሳይቱም እዚህ አይከፈትም፤ ሆስቲንጉ ውጭ ከሆነ ግን ባሕር ማዶ ያለው ገዢ ያየዋል።) ታዲያ ከሌላ ሰው እጅ ላወጣቸው ቃል ገብቼ በእኔ እጅ ላይ አስቀመጥኳቸው። እኔ አገር ብለቅ ወይም ብሞት የማደሻው ማሳሰቢያ የሚደርሰው ማንም በማይከፍተው ኢሜይል ነው። ጊዜው ያለፈ ዶት ኮም ለማስመለስ ጥቂት ሳምንታት ይሰጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ቀድሞ የደረሰ ሁሉ ያስመዘግበዋል።

ሌላም አለ። አድራሻው በኤችቲቲፒኤስ እንዲጀምር የሚያደርገውን የደህንነት ሰርተፍኬት ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባል አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። የተከልኩበትን ድካም ማስከፈል መብቴ ነው። እኔ ግን ደረሰኝ ላይ የጻፍኩት «የሰርተፍኬት ዋጋ» ብዬ ነው።

ገጽ በማብዛትም አስከፍያለሁ። «ራእያችን»፣ «ተልእኳችን»፣ እየተንሸራተቱ የሚያልፉ ትልልቅ ፎቶዎች። ቀሚስ ፈላጊው ግን የሚፈልገው ዋጋውን፣ ልኩን፣ ሱቁ የት እንደሆነና መቼ እንደሚከፈት፣ ሲነኩት የሚደውል ስልክ ቁጥር፣ እንዴት እንደሚከፍልና ዕቃው በምን እንደሚላክለት ነው። ይህ ሁሉ አንድ ገጽ ይበቃዋል። ፎቶው ሳይቀነስ ከተጫነ ደግሞ የሞባይል ዳታውን ቆጥቦ የሚጠቀም ሰው ሳይከፈትለት ትቶት ይሄዳል። ዋጋና ስልክ ፖስተር ላይ ተስሎ ከሚለጠፍ በጽሑፍ ቢቀመጥ ይሻላል፤ ጉግል በቀላሉ የሚያነበው ጽሑፍን ነውና። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር፤ አንድ ገጽ ግን ብዙ አያስከፍልም።

አሁን ስሞቹን ለባለቤቶቻቸው እያዛወርኩ ነው። ሽሮ ሜዳ ወርጄ ለእትዬም እውነቱን ነግሬያቸዋለሁ፤ አካውንቱም በእሳቸው ሆኗል። ያልነገርኳቸው ሌሎች ደንበኞች ግን አሉ። ለእነሱ ስልክ ማንሳት ይከብደኛል፤ ቢከብደኝም ዕዳው የእኔ ነው።

ዌብሳይት ያላችሁ ወይም ልታሠሩ ያሰባችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ለሠሪያችሁ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ስሙ በማን ኢሜይል እንደሚመዘገብ ጠይቁ። የዶሜኑንና የሆስቲንጉን ፓስዎርድ፣ የሚታደሱበትንም ቀን በጽሑፍ ተቀበሉ። ስሙ በሌላ ሰው እጅ ካለ፣ ወደ እናንተ አካውንት እንዲያዛውረው ወይም የማስተላለፊያውን ኮድ እንዲሰጣችሁ ጠይቁት። እሱ «ምን ያደርግላችኋል?» ቢላችሁ፣ ንብረታችሁ ነውና አትቀበሉት። ከደንበኞቼ አንዱ ከሆናችሁም እኔን ጠይቁኝ።